የባለቤቴ እጆች፣ በሲ ፊደል ሥር

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬም ክላምዚሊ አላለቀም። የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላታችንን ሲ ፊደል ከተረከብኩበት ከግንቦት ወዲህ ስንቱን አስቸጋሪ ቃል አልፌ፣ እዚህች አንዲት ተውሳከ ግሥ ላይ ተቀርቅሬ ቀረሁ። አንድን ነገር እጅ እግር በሌለው አኳኋን መያዝ፣ ማስቀመጥ፣ መራመድ ማለት ነው። ይህን ማንም ያውቃል። በአማርኛ አንድ ቃል አምጪ ስባል ግን አፌ ይያዛል። «በዝርክርክነት» ብል ቤቱን ያላጸዳ ሰው ይመጣብኛል። «በመደናበር» ብል የደነገጠ ሰው ነው። «እጀ ሰባራ» የሚለውን ወድጄው ነበር፤ እሱ ደግሞ ላፈረ ሰውም ይባላል። ለጊዜው «በግዴለሽነት» ብዬ አልፌዋለሁ።

ምሳሌ ግን አልቸገረኝም። መዝገበ ቃላታችን የነጠላ ሰረዝ ደንብ አለበት። ነጠላ ሰረዝ የምንላቸው ዋናውን አዘጋጅ ነው፤ ሰው ሲናገር በየሦስት ቃሉ ሳያስቆሙ ስለማያሳልፉ የወጣላቸው ስም ነው፣ እሳቸው አያውቁም። ደንባቸው፣ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ከራስ አይፈጠርም የሚል ነው። በዓይን የታየ ወይም በጆሮ የተሰማ ነገር ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ከላይ ቃሉ፣ ቀኝ ጥግ ላይ ቀኑ። «ከጭንቅላት የወጣ ምሳሌ ነፍስ የለውም» ይላሉ። ባልደረቦቼ ለአንድ ቃል ሁለት ካርድ አጥተው ሲንከራተቱ፣ እኔ ለክላምዚሊ ባለቤቴ አለልኝ።

ዛሬ ራት ላይ ብርጭቆ ሰበረ። በሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ነው። ሰዓት ሠሪ ነው እንግዲህ፤ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ብሎን በወረንጦ የሚያነሣ ሰው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አቃተው። «ሐሳብህ የት ነው?» አልኩት። «እዚሁ ነው» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን እየለቀመ። እሱ ለቅሞ ሳይጨርስ እኔ ካርዴን ጽፌ ጨረስኩ። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ አጭር፣ የሚታይ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ረፍዶብኛል። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዝኩት። አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ አንዱ ጎን ወደ ታች። ሳስተካክልለት ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተታቸው። «ልጅ ሆንክብኝ» ብዬ ሳቅኩበት። ካርዱን አውቶቡስ ውስጥ ጻፍኩት። ጽሕፈቴ አይነበብም፤ ቢሮ እገለብጠዋለሁ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ዛሬ ጮኽኩበት። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

የግድግዳ ሰዓታችን ከቆመ ሰነበተ። ዛሬ ከሱቁ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈታታው። እኔ ከጎኑ ካርዶቼን እየለየሁ ነበር። ደኅና ሲሠራ ቆየና፣ ትንሽ ጥርሳም ክብ ከወረንጦው አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አነሣት። ደግሞ አመለጠችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታመልጠው ቁም ሣጥኑ ሥር ገባች፤ ሁለታችን በደረታችን ተኝተን ፈለግን። ጉልበቴን አመመኝ፣ ከዚያ ነው መሰለኝ የጮኽኩት። «ድሮ እንዲህ አልነበርክም፤ ግዴለሽ ሆነሃል፣ ምንም ነገር ከልብህ አትሠራም» አልኩት።

«ጣቶቼ ደንዘዝ ብለዋል። ብርዱ ይመስለኛል» አለ።

«ምን ብርድ አለ? መስኮቱን ሙቀቱ አስመርሮኝ እኔ ራሴ ነኝ የከፈትኩት።»

ሰዓቱን እንደተፈታታ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

እሱ እንኳን ግዴለሽ አልነበረም። ስንተዋወቅ ሰዓቴ ቆሞብኝ ሱቁ ገባሁ። ከፈታት፣ ዓይኑ ላይ በሰካት ማጉያ አያት፣ በትንሽ ብሩሽ ጠረጋትና «ጤነኛ ናት፣ አቧራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የእጁ እርጋታ ልቤን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያችኑ ጤነኛ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይዤለት ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሳይስቅብኝ ከፍቶ አየልኝ።

ልጃችን አግብታ ከወጣች ወዲህ ልቡ አብሯት የሄደ ይመስለኛል። እንዲያ ልጮህበት አይገባኝም ነበር። ነገ እክሰዋለሁ። የጥርሳሟን ክብ ነገር ግን ካርድ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ በጣም ግልጽ ምሳሌ ስለሆነ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

የሳምንቱ ስብሰባ። ነጠላ ሰረዝ የክላምዚሊን ካርዶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧቸው። የብርጭቆው፣ የሸሚዙ፣ የጥርሳሟ ክብ፣ በመስከረም የጫማውን ክር ለማሰር ደረጃ ላይ ሩብ ሰዓት የፈጀው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የኤስ ፊደሏ ባልደረባችን እንባዋን እየጠረገች «ይሄ ሰውዬ ማነው? የሚኖረው እናንተ ሰፈር ነው?» አለችኝ።

«ጎረቤቴ ነው» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ብቻ ወጣ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ነጠላ ሰረዝ የብርጭቆውን ምሳሌ መረጡት፤ እሱ ይታተማል።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። በሩ ጋ ስደርስ አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ከሱቁ ወጣች፤ ደንበኛው ናት፣ ስንት ዓመት። እኔን አታውቀኝም። አብራት ላለችው ሴት የእጅ ሰዓቷን እያሳየች «መስታወቱን ጭሮ መለሰልኝ እኮ። ድሮ እጁ ወርቅ ነበር። አሁን መጠጥ የጀመረ ይመስለኛል፤ እጁ አይታዘዘውም» አለቻት።

ደሜ ፈላ። ተከትዬ ልነግራት ነበር፤ ባሌ ቅምሻ አያውቅም ልላት ነበር። አልተከተልኳትም።

ማታ ጋዜጣውን ሲያነብ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትከሻው ላይ ጎንበስ ብዬ እኔም የማነብ መሰልኩና ትንፋሹን አሸተትኩ። የጥርስ ሳሙና እንጂ ምንም አይሸትም። ጋዜጣውን አጠፈና «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩ። አየኝ። የገባው ይመስለኛል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳስቶ የማያውቅን ሰው አሸተትኩት።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ነጠላ ሰረዝ ፍቺዬን ጣሉት። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንደ ልማዳቸው በየመሀሉ እያቆሙኝ እንዲህ ተባባልን፦

«‹በግዴለሽነት› ያልሽው አይሆንም። ግዴለሽ ሰው ብርጭቆ ሲሰብር ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ይሄዳል…»

«ቆይ። ይሄኛው ጎረቤትሽስ?»

ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ትዝ አለኝ።

«ይደነግጣል። ያፍራል» አሉ እሳቸው። «ግዴለሹ ቢፈልግ ይችል ነበር፤ አልፈለገም። ይሄኛው እየፈለገ ነው ያቃተው። አንቺ ሰውየውን እየከሰስሽው ነው፤ ቃሉ ግን ማንንም አይከስም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።»

ደግሞ ቃሉ ለእጅና ለእግር ብቻ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሰው ሲያጽናና፣ ልቡ እያለ አፉ ሲያበላሽበትም ይባላል። ለሁለተኛው ፍቺ አንድም ካርድ የለኝም። «ፈልጊ» አሉኝ።

ማታ ሱቁ ሄድኩ፤ ምክንያት ፈጥሬ። ውጭ ቆሜ በመስታወቱ አየሁት። ብሎን ሊያስገባ እየሞከረ ነው። ትንፋሹን ይይዛል፣ ወረንጦውን ያስጠጋል፣ ይስታል፣ እጁን ጭኑ ላይ ያብሳል፣ እንደገና። ግንባሩ በላብ ረጥቧል። ምን ያህል ጊዜ እንደሞከረ መቁጠሩን ተውኩት። ሳልገባ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዛሬ ካርድ አልጻፍኩም። ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ልጃችን መጣች። ከገባች አንድ ሰዓት አልሞላትም። አባቷ ሻይ ሊቀዳላት ተነሣ፤ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጁ ያዘው፣ እንደዚያም ሆኖ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። «ይቅርታ የኔ ልጅ» አላት። እሷ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባችና በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አባዬ እጁን ምን ሆኖ ነው?»

«እድሜ ነዋ። ሐሳቡም ይበተናል።»

«እድሜ? ገና ስድሳ አልሞላውም እኮ። ሲራመድ አይተሽዋል? ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«አብራችሁ አይደል እንዴ የምትኖሩት?»

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ልጄ ያየችኝ አስተያየት ጥሩ አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ራሷ ስልክ ደውላ ለሐኪም ቀጠሮ ያዘችለት። እኔ ሚስቱ ቆሜ ሳህን አጥብ ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጃችን እኩያ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታች፣ ተረከዙን ከሌላኛው እግሩ ጣት እያስገጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ አደረገችው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ተንገዳገደና ግድግዳውን ያዘ። ከዚያ ጠየቀችው።

«አባባ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ቅርብ ነው። ሁለት ወር ቢሆነው ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት? ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።»

ዞሮ አየኝ። እሷም አየችኝ።

«እሱ እንዳለው ነው» አልኩ።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

ቢሮ። የክላምዚሊን የካርድ ሣጥን ከፈትኩ። ሃያ ሦስት ካርድ። የመጀመሪያው ግንቦት 19። ቁልፉን የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቅቶት ሲታገል። ያን ቀን እየሳቅኩ እንደከፈትኩለት ትዝ ይለኛል።

ሣጥኑን ዘጋሁት። የኤስ ፊደሏ «ፊትሽ ምነው?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ያዘዘችው የአንገት ፎቶ ውጤት መጣ። የአንገቱ አጥንት ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠረጴዛ ላይ እንዳቀረቀረ ነው፤ ያም ሳያባብሰው አልቀረም አለች ሐኪሟ። ከአንጎሉ የሚሄደው መልእክት አንገቱ ላይ እየጠበበ ነው እጁና እግሩ ጋ የሚደርሰው።

ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ሁለት ወር ከሆነ ገና ነው። የአንገት መደገፊያ እናደርግልዎና ሦስት ወር እንከታተላለን። ግማሽ ዓመት አልፎት እየባሰ የመጣ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ሳምንትም አላቆይዎትም፣ ቀዶ ጥገና ነበር። ምክንያቱም ነርቩ አንዴ ከሞተ አይመለስም።»

ባለቤቴ ፊቱ በራ። ቢላ ይፈራል፤ ጥርሱን ለማስነቀል እንኳ ለምኜው ነው። በመንገዳችን ሁሉ ሲቀልድ ነበር። መደገፊያውን አጥልቆ «አሁን የምር ባለሥልጣን መሰልኩ፣ ወደ ታች አላይም» አለኝ። ሳቅኩለት።

ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።

ብናገር ካርዶቹን ያያቸዋል፤ ቀጥሎ ቀዶ ጥገና ነው። ዝም ብል ደግሞ እጆቹ ያልቃሉ፣ እግሩም ይከተላል። ይህ ሁሉ ገብቶኝ ሐኪሟ ፊት አንድ ቃል አልወጣኝም። የእንጀራዬ ሥራ ቃል ማግኘት ነው።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

ማታ በሩ ላይ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ሲንሸራተት፣ እንደገና ሲንኳኳ ሰማሁ። ከውስጥ ቆሜያለሁ። መክፈት እችላለሁ። ብከፍትለት እንደሰማሁት ያውቃል። ቆምኩ። ሲገባ ወጥ ቤት ሮጬ ቧንቧ ከፈትኩ። «ቆየህ» አልኩት። «ሰው አገኘሁና ሳወራ» አለ።

ሁለታችንም ውሸታሞች ሆነን ራት በላን።

ጥር 3፣ ዓርብ

አደረግኩት። ካርዶቹን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። በምሳ ሰዓት ክሊኒኩ ሄጄ ለጸሐፊዋ «ለሐኪሟ ብቻ» ብዬ ሰጠኋት። የሚያስፈልጋት ቀኑ ነው፤ ቀኑን አይታ የራሷን ውሳኔ ትወስናለች፣ ከየት እንዳመጣችው መናገር አይኖርባትም። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ለእሱ ልነግረው ይገባ ነበር። ከሱ በፊት ለፖስታ ነገርኩ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ሐኪሟ አስቸኳይ ብላ ሁለታችንንም ጠራች። ልብሴን እንኳ በቅጡ ሳልቀይር ነው የወጣሁት። ገብተን ስንቀመጥ ካርዶቼ ጠረጴዛዋ ላይ በሦስት መስመር ተደርድረው አየኋቸው።

«አባባ፣ ዕድለኛ ነዎት» አለችው። ደስ ብሏታል። «እንዲህ ቀን በቀን የምትከታተል ባለቤት ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ይኸው፣ ግንቦት 19፣ ቁልፍ። ሰኔ 11፣ ማንኪያ ከእጅዎ ወደቀ። ነሐሴ 2፣ ፊርማዎ ተበላሸ። መስከረም ላይ የጫማ ክር። ኅዳር ላይማ ተደጋግሟል። ስምንት ወር ሊሆነው ነው እኮ፤ ደግሞ እየባሰ ነው። አሁን መጠበቅ የለብንም።»

እሱ ከካርዶቹ አንዱን አነሣ። እንደ ሰዓት ወደ ዓይኑ አስጠጋው። አስቀመጠውና ሌላ አነሣ። ቀስ ብሎ ሃያ ሦስቱንም አየ። መጨረሻ ላይ «ከሁሉም በላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል ምንድነው?» አለ። ሐኪሟ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ።

መንገድ ላይ እንደገና ጠየቀኝ። አስፋልቱን ስንሻገር ክንዱን ይዤዋለሁ።

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ ነገር ሲሠራ… እጅ አልታዘዝ ሲል… የሚሠራበትን አኳኋን የሚገልጽ ነው።»

«እና ምሳሌው እኔ ነኝ።»

«ምሳሌ ከሚታይ ነገር ነው የሚወሰደው። ደንባችን ነው።»

ደንባችን ነው አልኩት። ሴት ባሏን ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ የመሥሪያ ቤት ደንብ ትጠቅሳለች? ለማስተካከል ብዬ «መጥፎ አስቤ አይደለም፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ግሩም ናቸው» የሚል ጨመርኩበት። ክንዱን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣው።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። «በግንቦት አይተሽኝ ነበር ማለት ነው» አለ።

«አይቼህ ነበር።»

«እኔ እኮ እንዳታዪብኝ ስደበቅ ነው የከረምኩት። እንዳትጨነቂ ብዬ። ተደብቄ ያደረግሁትን ሁሉ ጽፈሽዋል።»

ቤት በር ላይ ቀድሞኝ ደረሰ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳተ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ሻዩን ራሱ አፈላ። ፈሰሰበት፣ ራሱ ጠረገ። ልረዳው ስነሣ እጁን አነሣብኝ፣ ቁጭ በይ የሚል። ቀዶ ጥገናው ጥር 22 ነው።

ልጃችን ደወለች። ስለ ካርዶቹ ነግሯታል። «እማዬ፣ ሰዎች እንዴት ነው በዓይናቸው እያዩ የማያዩት?» አለችኝ። ስድብ አልነበረም፣ ጥያቄ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

አለኝ እንጂ። አይቻለሁ። ግንቦት ላይ ቁልፉን ሲታገል ፈርቼ ነበር። ለዚያ ነው የሳቅኩት። ካርድ ላይ ሳሰፍረው ምሳሌ ይሆናል፣ ምሳሌ ከሆነ በሽታ አይደለም። ይህን ዛሬ ነው ለራሴ ያመንኩት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ነጠላ ሰረዝ ዘንድ ገባሁ። «ያ ጎረቤቴ ያልኩት ሰው ባሌ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐኪሟን፣ ፖስታውን፣ መንገዱን። በስብሰባው ላይ እኔ ራሴ መሳቄን። መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

ስጨርስ ተነሡና ትከሻዬን ሊነኩኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ማስመሪያው እጃቸው ላይ ስለነበር በእሱ ነኩኝ። «አይዞሽ… ማለቴ… ጥሩ መዝገብ ነው የያዝሽው» አሉ። ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ስልክ አንሥተው ማተሚያ ቤቱን አስቆሙት። የብርጭቆው ምሳሌ ተሰረዘ። በፍቺው ቦታ እኔ ዛሬ የጻፍኩት ገባ፦ «እየፈለጉና እየጣሩ፣ አካል ወይም አንደበት አልታዘዝ ሲል በሚታይ አኳኋን።» ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ካርዶቹን ልቅደዳቸው ብል «ሐኪሟ ጋ ይቆዩ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ነገ ነው። ሆስፒታል አስተኝተውታል። አጠገቡ ባለው ወንበር ተቀምጬ የምናገረው ጠፍቶኝ አንሶላውን ሳስተካክል፣ ሳስተካክል፣ እጄን ያዘው። አያያዙ ልል ነው፤ የትኛው ጣቱ እንደነካኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ሳቁ?» አለኝ።

ስለ ቢሮዬ ነው የሚጠይቀኝ። ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጎረቤቴ ነው አልኳቸው።»

ጣሪያውን እያየ «ጎረቤት ጥሩ ነው፣ ሰላም ይላል ቢያንስ» አለ። ቀልዱ ነው ወይስ ቁጣው፣ መለየት አቃተኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «በሕይወት ከወጣሁ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ከእንግዲህ ያየሽውን ለእኔ ንገሪኝ። ለወረቀት አትንገሪ። የሚያስፈራም ቢሆን።»

«እሺ» አልኩት። ሰው በዚያ ሰዓት እሺ የማይለው ነገር የለም።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ኮሪደር። ከገባ ሦስት ሰዓት አለፈ። ልጃችን ትከሻዬ ላይ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እንነሣለን። ለሌላ ሰው ነው።

አምስት ሰዓት።

ወጣ። ደኅና ነው። ነቅቷል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ቤት ከገባን ሳምንት አለፈን። ሐኪሟ መባሱ ቆሟል አለች። የእግሩ አረማመድ ተሻሽሏል፤ ጣቶቹ ግን የሄደባቸውን ያህል አይመልሱም። ማንኪያ ይይዛል፣ ቁልፍ ይቆልፋል፣ እስክሪብቶ ይጨብጣል። ሰዓት አይሠራም።

በግንቦት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠየቅኳት። «እንዲያ ብለው ባይጠይቁኝ ይሻላል» አለችኝ። ስለዚህ መልሱን አውቃለሁ።

ትናንት ከወዲያኛው መንገድ ያለው ሰዓት ሠሪ መጣና መሣሪያዎቹን ወሰደ። ባለቤቴ አንድ በአንድ አስረከበው፤ እያንዳንዱ ወረንጦ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚወድ ነገረው። የዓይን ማጉያውን ብቻ አስቀረ። ሰውየው ሲወጣ ሁለታችንም በመስኮት አየነው። ልናገር ፈለግሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልለው። «ሻይ ላፍላ?» አልኩት። «አፍይ» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላው ቢቀር እዚህ ልጻፈው። ስምንት ወር ሙሉ ከማንም ይበልጥ በቅርብ እያየሁ፣ ከማንም ይበልጥ በትክክል እየጻፍኩ፣ እጆቹን አስወሰድኩበት። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አብረን ገበያ እንወጣለን፣ ጋዜጣ ያነብልኛል፣ ተኝቼ ብርድ ልብሱ ሲወርድብኝ ይመልስልኛል። በእነዚያ ጣቶች ብርድ ልብስ መሳብ ቀላል አይደለም፤ ነቅቼ የተኛሁ መስዬ እጠብቀዋለሁ።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት አብረን ስንወጣ፣ ደረጃው ላይ፣ አንድ ነገር አየሁ። ትንሽ ነገር ናት። እሱ ያየሁ አልመሰለውም። ጨዋታ ቀይሮ ስለ አየሩ አወራኝ፣ እኔም ስለ አየሩ መለስኩለት።

ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣችም። ቢሮ ውስጥ ለሌላ ቃል ባዶ ካርድ አነሣሁ፤ እጄ ሳላዘው ቀኙ ጥግ ላይ የዛሬን ቀን ጽፎ አገኘሁት። ካርዱን ጣልኩት። ምናልባት ምንም አይደለም፣ ድካም ነው። ምናልባት ሐኪሟ ቆሟል ያለችው አልቆመም። ሳምንት ልጠብቅና ከደገመው ልናገር ብዬ ወሰንኩ። አውቶቡስ ውስጥ እንደገና ወሰንኩ። ራት ስንበላ ለሦስተኛ ጊዜ።

አሁን ሳህኑን አጥቤ፣ እዚህ ተቀምጬ፣ ምን እንዳየሁ፣ ስንተኛው እርከን ላይ፣ የትኛው እግሩ፣ እጁ ምኑን እንደያዘ ልጽፍ ነው ደብተሩን የከፈትኩት። ዐረፍተ ነገሩ ተሰካክቶ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል። ግሩም ዐረፍተ ነገር ነው።

አልጽፈውም። ሳሎን ነው ያለው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ጋዜጣውን ሲገልጥ ይሰማኛል። እንዴት እንደምጀምርለት አላውቅም፤ አበላሸዋለሁ። ልነሣና ልንገረው።